የተቀባ ዓይን

ከፖሊ ግቢ ጥግ፣ ከወርክሾፑ ኋላ፣
ምድጃ አለችኝ ብረት የማትበላ።
ጉሮሮዋ ኳርትዝ፣ ክንድ የሚያህል ቱቦ፣
ናይትሮጅን ሲሞላት አየሯ ተስቦ፣
ከጠርሙሱ ያለች ነጯ የአሉሚኒየም ዱቄት
ሙቀት ሲደርስባት ትነሣለች እንደ እንፋሎት፤
ሄዳ ብረቱ ላይ ትተኛለች በዝምታ፣
ቅንጣት በቅንጣት ላይ፣ ቀስ ብላ፣ ተረጋግታ።

«ብረትን እንደጋለ» ይላል የአገሬ ሰው፤
እኔ ሲግል አልነካው፣ ማንም አይቀጠቅጠው።
መዶሻ የለ፣ ወናፍ የለ፣ ብልጭታ የለ፤
ፓምፑ ብቻ ጥግ ይዞ እንደ በሽተኛ እያቃሰተ እያለ
ብረቱ ገላ ላይ
ቆዳ ይበቅላል።

ያን ሰሞን፣ ከባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው
ቫልቭ መጥቶልን ነበር፣ አሲድ አፉን የበላው።
የቀለም ክፍሉ አንሙት፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣
«አልብሱልን እስቲ፤ አዲሱ በዶላር ነው» ብሎ
ጠረጴዛዬ ላይ ትቶት ሄደ።

አንዴ መብራት ጠፋ፣ ልክ በሦስተኛው ሰዓት፤
አንዴ ቫክዩሙ አፈሰ፤ አንዴም በእኔ ጥፋት፣
ቶሎ ልየው ብዬ ምድጃዋን ስከፍት
ልብሱ ተሰነጠቀ፣ ብርድ ሲያገኘው በድንገት፤
ብረቱና ልብሱ እኩል አይኮማተሩም፣
አብረው ይሞቃሉ እንጂ አብረው አይበርዱም።
የውፍረት መለኪያዋም ከተበላሸች ዓመት አልፏታል፤
መለዋወጫዋ ጉምሩክ ደርሷል ይባላል፣
ይባላል።

አባቴ ለጉልበቱ ሕክምና ከፈረስ ቤት ማዶ መጣ።
ስሙ ተቀባ ነው፤
አምሳ ዓመት ሙሉ ያልተቀባ ብረት የቀጠቀጠው፤
ማረሻ የሚያስመቱት፣ ማዕድ ግን የማያስቀርቡት፣
ልጆቻቸውን በነጠላ ከፊቱ የሚሸሽጉት፣
«ዓይኑ ይበላል» የሚሉት።
ገበያ መሐል ዓይኑን ጥሎ ሲሄድ አስታውሳለሁ፣
መሬት መሬቱን እያየ፤
እኔም ያን አካሄድ ወርሻለሁ።

ላብራቶሪው ገባ። ዱላውን በር ላይ አቁሞ፣
«መዶሻሽ የታለ?» አለኝ፣ ዞር ዞር ብሎ፣ ተገርሞ።
«የለኝም አባባ፤ በእንፋሎት ነው የማለብሰው።»
«እንፋሎትማ ብረት ያዝጋል እንጂ መቼ አለበሰው?»

አራተኛውን፣ ሌሊቱን ሁሉ ቀስ ብዬ አቀዝቅዤ
አወጣሁለት፣ በጓንት ይዤ።
ማንም ያልቀባው ብረት በቀለም ተጥለቅልቆ፤
እዚህ የገለባ ወርቅ፣ እዚያ ሐምራዊ፣ ጠልቆ፣ ጠልቆ፣
ጠርዙ ላይ የርግብ አንገት።
ልነግረው አልኩ፦ ይህ ቀለም አይደለም፣ ውፍረት ነው፤
ከላይና ከታች የሚመለስ ብርሃን ሲጣላ፣ ሲታረቅ ነው…
እሱ ቀምቶኝ፣ ወደ መስኮቱ አዘንብሎ
ዓይኑን አቀና።
አየው።
ያን ያህል ረጅም ሲያይ ከዚያ በፊት አላየሁም፤
ማንም ልጁን አልሸሸገም።

«እዚህ ጋ» አለ በጥፍሩ፣ «ሐምራዊው ወደ ገለባ የሸሸበት፣
ቀጥኗል። ማጭድ ሳግል አውቀዋለሁ የቀለሙን መንገድ፦
ገለባ ነው መጀመሪያ፣ ቆየት ሲል ነው የሚጠቁረው።
ይህቺ ጥግ ገና ልጅ ናት፤ ሳትጠግብ ነው ያነሣሻት።»

አላመንኩትም።
ቫልቩን አሲድ ውስጥ ነክሬ አሳደርኩት።
ጧት አንሙት ሲመጣ ሦስታችን ጎንበስ ብለን አየን፦
ሁሉም ደህና ነው፤ አንዲት የዝገት ነጥብ ብቻ፣
እሷም ከዚያችው ጥፍር ሥር፣ ከጠርዙ በስተግራ።
ደብተሬን ከፍቼ፣ «መለኪያ» ከሚለው ፊት፣
ወር ሙሉ ባዶ ከኖረው ቦታ፣
«የተቀባ ዓይን» ብዬ ጻፍኩበት።

አንሙት ግን ደብተር አላየም። ወደ አባቴ ዞሮ፣
«አሥራ አንድ ቫልቮች ቀርተውናል» አለ፣ «እባክዎ፣
ዓይንዎን ጣል ያድርጉባቸው።»

አባቴ መሬት መሬቱን አየ።
ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገ።
«እንግዲያ» አለ፣
«ወደ መስኮቱ አምጧቸው።»